የማን ክንድ? የማን ወቄት?

የዛሬው ወጋችን ስለ መስፈሪያና ሚዛን ነው።

በቀድሞው ዘመን ጨርቅ የሚለካው በክንድ ነበር። ክንድ ደግሞ እንደ ባለቤቱ ይረዝማል፣ ያጥራል። ስለዚህ ገዥው እጀ ረጅም ዘመዱን አስከትሎ ገበያ ይወጣ እንደነበር ይነገራል። ሻጩስ? እሱም አጭር አጎቱን ሳይፈልግ አይቀርም!

በጣና ዳርም የቀይ ባሕር ንግድ ሁለት የዐረብኛ ስሞች አምጥቶልናል። የዘጌ ቡና አገር ሰው ፈረሱላን ያውቃል፤ ዛሬ 17 ኪሎ ነው። ሁለተኛው ወቄት ነው፤ ከዐረብኛው ውቂያ የመጣ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእኛ ወቄት ልኩ የማርትሬዛ ብር ነበር፤ 28 ግራም ያህል። የኦስትሪያዋ ንግሥት ጣናን በዓይኗ ሳታይ ለጎንደርና ለጎጃም ነጋዴ የሚዛን ድንጋይ ሆነችለት!

ቀልዱ እዚህ ላይ ቁምነገር ይሆናል። ስሙ ባሕር ተሻገረ እንጂ ክብደቱ አልተሻገረም። በሐዲስ የተነገረው ውቂያ 40 ዲርሃም፣ ማለትም 119 ግራም ያህል ነው። የብር ዘካ ኒሷብ 5 ውቂያ፣ ወደ 595 ግራም ይሆናል። በእኛ ወቄት ያሰበ ሰው ግን 140 ግራም ላይ ይቆማል። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤቶች መህር 12 ውቂያ ተኩል እንደነበር ሰምቶ በእኛ ወቄት የሚከፍል ሙሽራ ቢኖር፣ ሙሽሪት ሩቡ እንኳ አይደርሳትም!

ታላላቆቹም ይህ ገጥሟቸዋል። በ182 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት የኩፋው ዐሊም አቡ ዩሱፍ (ረ.ሒ.) ሷዕ 8 ረጥል ነው ይሉ ነበር። መዲና ሄደው ሲጠይቁ፣ የሶሐቦች ልጆችና የልጅ ልጆች ከአባት ከእናታቸው የወረሱትን ሷዕ በኩታቸው ሥር ይዘው መጡ። ቢለካ ሁሉም እኩል፤ 5 ረጥል ከሲሶ ያህል። አቡ ዩሱፍም የቀድሞ አቋማቸውን ተዉ። ማስረጃው የቤት ዕቃ ነበር። እናቶች ዘካተል ፊጥር የሰፈሩበት፣ ማንም ያላጎደለው ዕቃ!

እንግዲህ ቤታችን ያለችውን ጣሳ እንያት። ስንገዛም ስንሸጥም ያቺው ናት? ሲቀበል ሞልቶ፣ ሲሰጥ አጉድሎ ለሚሰፍር ሰው ሱረቱል ሙጠፊፊን ብርቱ ማስጠንቀቂያ አላት። ልጆቻችን ከእኛ የሚወርሱት መስፈሪያ የሞላ ይሁን።