ከንፈር የሚሰፋና ደጅ የሚከፍት

ወጣቶች ሆይ፣ ስለ በጎ ሥራ በተነገረ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚመሰገነው ባሕር ተሻግሮ ከሩቅ አገር የመጣው ሰው ነው። መመስገኑም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከሩቅ የመጣው ሰው ሥራውን ይፈጽም ዘንድ በቅርብ ያለ ሰው ደጅ ሊከፍትለት ያስፈልጋል። እኔ ይህን ነገር ከታሪክም፣ ከራሴ ጥፋትም ስለ ተማርሁት ለእናንተ መንገር ግዴታዬ ነው።

ሕፃን በእናቱ ማሕፀን ሳለ የፊቱ ክፍሎች ከግራና ከቀኝ እያደጉ መጥተው በመካከል ይጋጠማሉ። የላይኛው ከንፈር የሚጋጠመው በእርግዝናው ሁለተኛ ወር ውስጥ ነው፤ ላንቃም ጥቂት ዘግይቶ ይከተላል። አንዳንድ ጊዜ ግን ሳይጋጠሙ ይቀሩና ልጁ ከንፈሩ ወይም ላንቃው፣ አለዚያም ሁለቱም ተሰንጥቀው ይወለዳል። በዓለም በጠቅላላው ከ700 ያህል ሕፃናት አንዱ እንዲህ ሆኖ እንደሚወለድ ይገመታል። ምክንያቱ በከፊል በዘር የሚወረስ ሲሆን፣ በከፊል ደግሞ እናቲቱ በእርግዝና ጊዜ ከምታገኘው ምግብና ከሌላም ነገር ጋር የተያያዘ ነው። እርግማን አይደለም፤ የእናት ኃጢአትም አይደለም። ላንቃው የተሰነጠቀ ሕፃን ጡት መሳብ ያቅተዋል፤ የጠባውም ወተት በአፍንጫው ይመለሳል። ስለዚህ ቀና አድርጎ ይዞ፣ የታለበውን የእናቱን ወተት በማንኪያ ጥቂት በጥቂት ማጠጣት ያስፈልጋል።

ይህን ስንጥቅ መስፋት አዲስ ጥበብ አይደለም። በ390 እ.ኤ.አ. ግድም በቻይና አገር ዌይ ያንግቺ የሚባል የድኻ ገበሬ ልጅ ነበረ። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ስለ ተወለደ በልጅነቱ ብዙ ተቸገረ። በ18 ዓመቱም በአንድ አገረ ገዥ ዘንድ እንዲህ ያለውን የሚፈውስ ሐኪም መኖሩን ሰምቶ ጉዞውን ወደዚያ አደረገ። ሐኪሙም ከንፈሩን ቆርጦ ሊሰፋለት እንደሚችል፣ ነገር ግን መቶ ቀን ቀጭን አጥሚት ብቻ እየጠጣ፣ ሳይስቅና ሳይናገር መቆየት እንዳለበት ነገረው። ወጣቱ ግን የዕድሜውን እኩሌታ ዝም ማለት ቢያስፈልገው እንኳ እንደማያመነታ መለሰ። ከንፈሩም ተሰፍቶ ዳነ፤ ቆይቶም ለከፍተኛ ሹመት በቃ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የሐኪሙን ወሬ ያወራለት ሰው ባይኖር ኖሮ የሐኪሙ ጥበብ ለዚህ ልጅ ምንም አይጠቅመውም ነበር።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ዶናልድ ላውብ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከንፈሩና ላንቃው የተሰነጠቀ አንድ የሜክሲኮ ልጅ አክሞ ካዳነ በኋላ፣ እንደዚህ ያሉ ልጆች በየአገሩ መኖራቸውን ተገንዝቦ በ1969 እ.ኤ.አ. ኢንተርፕላስት የተባለውን የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር አቋቋመ። በ1982 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዊልያም ማጊ የተባለ ሐኪምና ሚስቱ ካትሊን ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ፊሊፒንስ ሄዱ። አርባ ያህል ልጆች አከሙ፤ ነገር ግን ከሁለት መቶ የሚበልጡት ተራ ሳይደርሳቸው ስለ ተመለሱ ባልና ሚስቱ ልባቸው አላርፍ አላቸው። ኦፐሬሽን ስማይል የተባለው ማኅበር ከዚህ ተወለደ። እንግዳ ሐኪም ግን ጥቂት ቀን ሠርቶ ይሄዳል። ስለዚህ በ1999 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ስማይል ትሬን የየአገሩን ሐኪሞች ማሠልጠንና መርዳት ይሻላል የሚለውን መንገድ መረጠ።

በአገራችንም በአዲስ አበባ የየካቲት 12 ሆስፒታል ለዚህ ሕክምና የታወቀ ሆኗል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታልም ተጨምሮበታል። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ለሐረርጌ ሰዎች የሚቀርበን ግን የፕሮጀክት ሐረር ታሪክ ነው። ጆናታን ክራውን የተባለ እንግሊዛዊ በሐረር ከተማ ፊታቸው የተጎዳ ልጆች አግኝቶ ለሕክምና እንዲበቁ ከረዳ በኋላ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ማኅበሩን መሥርቶ በከተማይቱ ስም ሰየመው። የማኅበሩ ዋና ሥራ በየገጠሩ ተደብቀው የሚኖሩትን ሕሙማን ፈልጎ ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታሎች ማድረስ ነበር። እኛ በየቀኑ የምናልፋቸውን ልጆች እንግዳው ሰው ቆም ብሎ አያቸው። ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ካለፉት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝና።

በ1978 ዓ.ም. በአሰቦት ወጣት አስተማሪ ነበርሁ። አሰቦት በአዋሽና በሚኤሶ መካከል፣ በባቡር ሐዲዱ አጠገብ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት፤ ስሟንም ያስጠራው ተራራውና በተራራው ላይ ያለው ጥንታዊ የሥላሴ ገዳም ነው። በመስከረም ወር ለትምህርት የደረሱትን ልጆች ከቤት ቤት እየዞርን ስንመዘግብ፣ ወተት ከምገዛበት ቤት ገባሁ። የሰባት ዓመት ያህል ልጅ አፏን በሻሽ ሸፍና ከመጋረጃው ኋላ ቆማለች። ስሟን ልጽፍ እርሳሴን ሳወጣ እናቲቱ «መምህር፣ እሷን እንኳ ይተዉልኝ፤ ልጆች ይስቁባታል። ባቡር ሲመጣ እንኳ ወጥታ አታይም» አለችኝ።

እኔም እርሳሴን ወደ ኪሴ መለስሁ። ያን ጊዜ ርኅራኄ ያደረግሁ መሰለኝ። ነገር ግን በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት የነበረች አንዲት አስታማሚ እንዲህ ያለ ከንፈር በኦፕራሲዮን እንደሚሰፋ ነግራን ነበርና፣ ዝም ያልሁት እያወቅሁ ነው። አዲስ አበባ ሩቅ ነው፣ ገንዘቡስ ከየት ይመጣል፣ እያልሁ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ወተቴን ከዚያው ቤት ገዛሁ።

በ2001 ዓ.ም. የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከንፈራቸው የተሰነጠቀ ሰዎች ካሉ እንድንጠቁም፣ ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ከእኛ ሐኪሞች ጋር ሆነው በነፃ እንደሚያክሙ በስብሰባ ላይ ተናገረች። ከስብሰባው ወጥቼ በቀጥታ ወደዚያ ቤት ሄድሁ። ልጅቱ 30 ዓመት ሆኗታል፤ አሁንም አፏን ትሸፍናለች። ነገሩን ስነግራት «ለትልቅ ሰውም ይሆናል?» ብላ ጠየቀችኝ። ይሆናል አልኋት። እናቷ አርጅታ ስለ ነበር አብሬያት በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባን።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት የፈቃድ ወረቀት አቅርበው እንድትፈርም እስክሪብቶ ሰጧት። እሷም እስክሪብቶውን ለእኔ አቀብላ አውራ ጣቷን ዘረጋች። ቀለም የነካውን ጣቷን ባየሁ ጊዜ ከ23 ዓመት በፊት እርሳሴን ወደ ኪሴ የመለስሁበት ቀን ትዝ አለኝና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ። ኦፕራሲዮኑ የፈጀው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ከንፈሯ ተሰፋ፤ ሳትማር የቀረችበትን ዘመን የሚሰፋ ሐኪም ግን አልነበረም። ወደ አሰቦት ስንመለስ ሻሿን ራሷ ላይ ብቻ አስራ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ መጣች።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ሁላችሁም ሐኪም አትሆኑም፤ ደጅ ከፋች መሆን ግን ለሁላችሁም ይቻላል። ከንፈር ጤናማ በሆነ ሕፃን ላይ ከሦስት ወር ጀምሮ፣ ላንቃም በአንድ ዓመት ግድም ሊሰፋ እንደሚችል ለእናቶች ንገሩ። በቶሎ የተሰፋ ላንቃ ንግግርን ያቃናል፤ የዘገየ ግን ያስቸግራል። በክፍላችሁ የሚስቅ ቢኖር ገሥጹት። በሰፈራችሁ ከመጋረጃ ኋላ የተደበቀ ልጅ እንዳለ ብታውቁ ለጤና ጣቢያ አስታውቁ፤ አንድ ጊዜ ባይሰሟችሁ ደግማችሁ ሂዱ። ባሕር የሚሻገር ሐኪም ከአሰቦት ጣቢያ እስከዚያች ቤት ያለውን ጥቂት እርምጃ ያለ እናንተ ሊሻገረው አይችልም። እርሳሳችሁን አንዴ ካወጣችሁ፣ እንደኔ ወደ ኪሳችሁ አትመልሱት።