«ሳሉ»፤ የአንዲት ቀላል ሰላምታ ታሪክ

ፈረንሳውያን ጓደኛሞች በመንገድ ሲገናኙ «ሳሉ!» ይባባላሉ፤ ሲለያዩም ይህንኑ ቃል ይደግሙታል። ቃሉ ከሮማይስጥ የወረደ ሲሆን ጥንተ ትርጉሙ ጤናና ደኅንነት ነው፤ በቤተ ክርስቲያን አነጋገርም እስከ ዛሬ ድረስ የነፍስ ድኅነት ማለት ነው። ይህን ያህል የከበደ ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲመላለስ ቀልሎ መገኘቱ ያስደንቃል፤ «ጤና ይስጥልኝ» ለሚል ሕዝብ ግን ምስጢሩ እንግዳ አይሆንም።

ዳሩ ግን «ሳሉ» ለሁሉ የሚሰጥ አይደለም። «አንተ» ወይም «አንቺ» ከሚያሰኘው «ቱ» ጋር የሚሄድ ነውና፣ «ቩ» ማለትም «እርስዎ» ለሚባል ሰው የሚገባው «ቦንዡር ሙሴ» ወይም «ቦንዡር ማዳም» ነው። (በአገራችን የውጭ ሰው ሁሉ «ሙሴ» ይባል የነበረው ከዚሁ የአክብሮት ቃል የተነሣ ነው።)

ይህ ወሰን በአንድ ወቅት ሕይወትን የሚያሠጋ ጉዳይ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1793 የፓሪስ ሕዝባዊ ማኅበራት መልእክተኞች ለአብዮቱ ብሔራዊ ጉባኤ ባቀረቡት አቤቱታ፣ ዜጋ ሁሉ ያለ ልዩነት «ቱ» እንዲባባል፣ እምቢ ያለም በተጠርጣሪነት እንዲቈጠር ጠየቁ። ጊዜው ተጠርጣሪ መባል ወደ ወኅኒ፣ አልፎም ወደ ጊዮቲን ሊያደርስ የሚችልበት ነበር። ጉባኤው አቤቱታውን በምስጋና ቢቀበልም የግዴታ ሕግ አላደረገውም። ያም ሆኖ በየመሥሪያ ቤቱ «ሙሴ» ቀርቶ «ሲቷየን»፣ ማለት ዜጋ፣ ተተካ፤ ደብዳቤውም «ሳሉ ኤ ፍራቴርኒቴ»፣ ማለት ሰላምታና ወንድማማችነት፣ እየተባለ ይዘጋ ጀመር። ሮቤስፒየር በጁላይ 1794 ከወደቀ በኋላ «ቩ» ቀስ በቀስ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። «ቱ»ን በወጣቶችና በሥራ ባልደረቦች ዘንድ በገዛ ፈቃዳቸው እንዲስፋፋ የረዳው፣ ብዙ ዘግይቶ የመጣው የሜይ 1968 እንቅስቃሴ ነው።

ዛሬ ፈረንሳውያን ሲሰነባበቱ ከ«ሳሉ» ጐን «ቻው»ንም ይጠቀማሉ። ይህም ከኢጣልያ የመጣ ሲሆን፣ በቬኒስ ሰዎች አነጋገር መነሻው «ባሪያዎ ነኝ» የሚል ነበር፤ የጌታና የሎሌ ቃል የእኩዮች መሰነባበቻ ሆኖ አዲስ አበባ ድረስ ዘልቋል።

ስለዚህ ተርጓሚ «ሳሉ»ን ሲገናኙ «ታዲያስ»፣ ሲለያዩ «ቻው» ቢለው ያስኬደዋል። «ጤና ይስጥልኝ» ቢለው ግን ጥንተ ምስጢሩን ያገኛል፤ ማዕረጉን ይስታል።