የስማርት ስልክ አካላዊ ቁልፎች፦ አሠራር፣ ማስተካከያ እና ጥንቃቄ

የስማርት ስልክ አካላዊ ቁልፎች የሚባሉት ከስክሪኑ ውጪ በስልኩ ጠርዝ ወይም ፊት ላይ ተገጥመው በጣት ግፊት የሚሠሩ ማዘዣዎች ናቸው። በአሁኑ ወቅት በአብዛኞቹ ስልኮች ላይ የሚገኙት ሦስት ሲሆኑ፣ እነርሱም ማብሪያና ማጥፊያው፣ ድምፅ መጨመሪያው እና ድምፅ መቀነሻው ናቸው። ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም ስክሪኑ ሲሰነጠቅ፣ እጅ ሲረጥብ፣ ስልኩ በኪስ ውስጥ እያለ ወይም ባለቤቱ ማየት የማይችል ሲሆን ስልኩን ለማዘዝ የሚያገለግሉት እነርሱ ናቸው። በርካታ የመንግሥትና የባንክ አገልግሎቶች በእጅ ስልክ በሚሰጡበት በዚህ ጊዜ የቁልፎቹ አደረጃጀት ከምቾት ያለፈ ጉዳይ ነው። አንድ ቁልፍ የአደጋ ጊዜ እርዳታ መጥሪያ ሊሆን ይችላል፤ ቁልፍን ለማስተካከል ተብሎ ያለ ጥንቃቄ የተሰጠ ፈቃድ ደግሞ የባለቤቱን የሚስጥር ቁጥር ለሌላ ወገን ሊያጋልጥ ይችላል።

የቁልፉ ውስጣዊ አሠራር

ከውጭ የሚታየው የብረት ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ ራሱ ማብሪያ አይደለም። ከሥሩ እንደ ጉልላት ያበጠ ትንሽ ስስ ብረት አለ። ጣት ሲጫነው ጉልላቱ ወደ ውስጥ ይሰምጥና የኤሌክትሪክ መስመሩን ያገናኛል፤ ጣት ሲነሳ ደግሞ ተመልሶ ይቃናል። በጣት ላይ «ጠቅ» የሚል ስሜት የሚፈጥረው ይኸው የብረቱ መስመጥ ነው። ምልክቱ በጥገና ቤቶች «ፍሌክስ» በሚባለው ተጣጣፊ ስስ መስመር በኩል ወደ ስልኩ ዋና ሰሌዳ ይደርሳል። ቁልፍ ሲደነድን፣ ሲሰምጥ ወይም ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተጫኑት አልሠራ ሲል ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በዙሪያው የተከማቸ አቧራ፣ የጉልላቱ መድከም ወይም የፍሌክሱ መጎዳት ነው። በልክ ያልተሠራ የስልክ ከቨርም ቁልፉን ሳይነካ ተጭኖ ሊይዘው ስለሚችል፣ ስልኩ በራሱ እየጠፋ የሚበራ ከሆነ ከሁሉ አስቀድሞ ከቨሩን አውልቆ መሞከር ተገቢ ነው።

ስልኮች እንዲህ ጥቂት ቁልፍ ብቻ ይዘው የቀሩት በሂደት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ፣ ኤችቲሲ ድሪም፣ ተንሸራታች የፊደል ገበታ፣ የመደወያና የጥሪ መዝጊያ፣ የመነሻ፣ የመመለሻና የሜኑ ቁልፎች እንዲሁም በጣት የሚሽከረከር ትንሽ ኳስ ነበረው። በ2011 ጋላክሲ ኔክሰስ የመነሻና የመመለሻ ቁልፎችን ወደ ስክሪኑ አስገባ። አፕል በበኩሉ በ2016 በአይፎን 7 ላይ የማይሰምጥ የመነሻ ቁልፍ ገጠመ፤ ቁልፉ ግፊቱን ለይቶ በንዝረት የመጫን ስሜት ብቻ ይፈጥራል፤ ስልኩ ሲጠፋም ያ ስሜት አብሮ ይጠፋል። በ2017 በአይፎን ኤክስ ቁልፉ ጨርሶ ቀረ። ሰፊ ስክሪን የማግኘት ፍላጎትና ውኃ የሚገባበትን ክፍተት የመቀነስ ሐሳብ ለውጡን አፋጥነውታል።

ይሁን እንጂ ቁልፎች እንደገና መመለስ ጀምረዋል። ሳምሰንግ በ2017 በጋላክሲ ኤስ8 ላይ «ቢክስቢ» ለተባለው የድምፅ ረዳቱ ብቻ የሚያገለግል ቁልፍ ጨመረ፤ ተጠቃሚዎች ለሌላ ሥራ ሊያውሉት ቢሞክሩም ኩባንያው የፈቀደው ኤስ10 በወጣበት በ2019 ነው። አፕል በ2023 በአይፎን 15 ፕሮ ላይ የድምፅ ማጥፊያውን ማንሸራተቻ አንሥቶ ባለቤቱ ሥራውን በሚመርጥለት «አክሽን በተን» ተካው። ይህ ቁልፍ ተጭኖ በማቆየት የሚሠራ ሲሆን፣ መብራት፣ ካሜራ፣ የድምፅ መቅጃ ወይም ጽሑፍ ማጉያ እንዲከፍት ሊታዘዝ ይችላል። ማጉያው የዓይን እይታቸው ለደከመ ሰዎች ቅጽና ደረሰኝ ለማንበብ ይረዳል።

የአደጋ ጊዜ ጥሪ በማብሪያ ቁልፍ

እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው አንድሮይድ 12 ጀምሮ፣ ተግባሩ ባላቸው ስልኮች ላይ ማብሪያውን አምስት ጊዜ በፍጥነት መጫን የአደጋ ጊዜ ጥሪ ያስጀምራል። ስልኩ ቢቆለፍም ይሠራል። በአይፎን 8 እና ከዚያ ወዲህ በወጡ አይፎኖች ላይ የጎን ቁልፉን ከአንደኛው የድምፅ ቁልፍ ጋር አንድ ላይ ተጭኖ ማቆየት ተመሳሳይ ውጤት አለው፤ አምስት ጊዜ መጫንም በቅንብሮች ውስጥ ሊመረጥ ይችላል። በሁለቱም ዓይነት ስልኮች ላይ ባለቤቱ አስቀድሞ የመዘገባቸው የቅርብ ሰዎች ያለበትን ቦታ የሚጠቁም መልእክት እንዲደርሳቸው ማድረግ ይቻላል።

ተግባሩ ከመፈለጉ በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ጉዳዮች አሉ። የመጀመሪያው የሚደወልበት ቁጥር ነው። በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ ቁጥሩ በቅንብሮች፣ በተለምዶ «ሴቲንግ» በሚባለው፣ በደህንነትና ድንገተኛ አደጋ ክፍል ውስጥ ይታያል፤ ሊቀየርም ይችላል። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በዘመድ እጅ በመጣ ስልክ ላይ የተመዘገበው የሌላ አገር ቁጥር ሊሆን ስለሚችል መመርመር ይኖርበታል። በኢትዮጵያ የፖሊስ ቁጥር 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ በአዲስ አበባ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ደግሞ 939 ነው። ስልኩ የሚይዘው አንድ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ቤተሰቡ የትኛው እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ቢወስን ይመረጣል፤ የልብ ወይም የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው 907 ከ991 ሊቀድም ይችላል።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። ብዙ ስልኮች ከመደወላቸው በፊት ለጥቂት ሰከንዶች ወደ ኋላ ይቆጥራሉ፤ በዚህም ጊዜ ከፍተኛ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሊያሰሙ ይችላሉ። በመንገድ ላይ ለሚደርስ አደጋ ድምፁ ሰው ለመሰብሰብ ይጠቅማል። በቤት ውስጥ ጥቃት ለሚሰጋ ሰው ግን ጥሪውን ለአጥቂው ሊያሳውቅ ስለሚችል ማጥፋቱ ይበጃል፤ ማጥፊያው የሚገኘው በዚያው ክፍል ውስጥ ነው።

ሦስተኛው የስህተት ጥሪ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የብሪታንያ የፖሊስ አዛዦች ምክር ቤት ይህ የአንድሮይድ ተግባር በአገሪቱ የአደጋ ጊዜ ቁጥር 999 ላይ የስህተት ጥሪዎችን እንዳበዛ አስታውቆ ነበር። ቁልፉ በኪስ ውስጥ ወይም በሕፃን እጅ ተደጋግሞ ሲጫን ጥሪው ባለቤቱ ሳያውቀው ይደረጋል። በስህተት የተጀመረ ጥሪ ቆጠራው ሳያልቅ ሊሰረዝ ይገባል። ጥሪው ከተነሳ ግን ስልኩን ከመዝጋት ይልቅ ስህተት መሆኑን መናገር ይሻላል፤ ምላሽ ያላገኘ ተቀባይ ሰው አደጋ ላይ እንዳለ ሊገምት ይችላልና። ማብሪያው የሚሰምጥና የሚደጋግም ብልሽት ያለበት ስልክ ላይ ተግባሩን እስከ ጥገናው ድረስ ማጥፋት ያስፈልጋል። ሁሉም ስልክ ይህን ስለማያሟላ፣ ባለቤቱ ሳይደውል ቅንብሩን ብቻ ከፍቶ መኖሩን ማረጋገጥ ይችላል።

ለዓይነ ስውራንና ለእንቅስቃሴ ጉዳተኞች

ተራ በሚባሉት ባለ ቁልፍ ስልኮች ላይ 5 ቁጥር ላይ ያለችው ትንሽ እብጠት ለጌጥ አልተደረገችም። ዓይነ ስውር ተጠቃሚ በጣቱ እርሷን አግኝቶ የቀሩትን ቁጥሮች በአቅጣጫ ይለያል። ለስላሳ መስታወት ይህን አይሰጥም፤ በምትኩ የስማርት ስልኮች ሁለቱ የድምፅ ቁልፎች የንባብ አገልግሎት ማስጀመሪያ ሆነው እንዲያገለግሉ ሊደረግ ይችላል። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ሁለቱን አንድ ላይ ለሦስት ሰከንድ ያህል ተጭኖ ማቆየት የተመረጠውን የተደራሽነት አገልግሎት፣ ለምሳሌ በስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ የሚያነብበውን «ቶክባክ»፣ ይከፍታል ወይም ይዘጋል። በአይፎን ላይ የጎን ቁልፉን፣ ወይም በቀድሞዎቹ ላይ የመነሻ ቁልፉን፣ ሦስት ጊዜ መጫን «ቮይስኦቨር» የተባለውን ተመሳሳይ አገልግሎት እንዲያስጀምር ማድረግ ይቻላል።

እግረ መንገድ ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። ይህ አገልግሎት በስህተት ሲከፈት ስልኩ የተነካውን ሁሉ ያነባል፣ አንድ ጊዜ በመንካት አይታዘዝም፣ በአንድ ጣትም አይንሸራተትም። ባለቤቱ ስልኩ የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። ለጥገና ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች እንደገና ለሦስት ሰከንድ ተጭኖ መሞከር ይበቃል፤ ካልሆነም መጀመሪያ አንድ ጊዜ ነክቶ መምረጥ፣ ቀጥሎ ሁለት ጊዜ ነክቶ ማዘዝ፣ በሁለት ጣት ደግሞ ማንሸራተት ይቻላል።

ቁልፍ መጫን ለሚቸገሩ ሰዎች መፍትሔው ተቃራኒ ነው። የአንድሮይድ የተደራሽነት ሜኑ እና የአይፎን «አሲስቲቭ ተች» ስልኩን መቆለፍን፣ ድምፅ መጨመርንና ስክሪንሹት ማንሳትን በስክሪኑ ላይ በትልልቅ ምልክቶች ያቀርባሉ። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 9 የመረጃና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ተደራሽነትን ያካትታል። ስለሆነም ለአካል ጉዳተኛ ቤተሰብ ስልክ የሚገዛ ሰው የቁልፎቹን በጣት የመለየት ምቾትና እነዚህን አገልግሎቶች ሻጩ ዘንድ አስከፍቶ ቢያይ መልካም ነው።

ቁልፎችን እንደ ፍላጎት ማስተካከል

ከስልኩ ጋር የመጣውን ቅንብር መጠቀም የመጀመሪያው ምርጫ ሊሆን ይገባል። በሳምሰንግ ስልኮች ላይ በቅንብሮች ውስጥ በላቁ ባህሪያት ሥር የጎን ቁልፉ ሁለት ጊዜ ሲጫንና ተጭኖ ሲቆይ ምን እንደሚሠራ ይመረጣል። በጉግል ፒክስል ስልኮች ላይ ተመሳሳዩ ምርጫ በሲስተም ሥር በምልክቶች ውስጥ ይገኛል። በአይፎን «አክሽን በተን» በቅንብሮች ውስጥ የራሱ ገጽ አለው። ማብሪያው ለድምፅ ረዳት ከተሰጠ በኋላ «ስልኬን ማጥፋት አልቻልኩም» የሚል ተጠቃሚ አይታጣም። በፒክስል ማብሪያውንና ድምፅ መጨመሪያውን፣ በሳምሰንግ የጎን ቁልፉንና ድምፅ መቀነሻውን፣ በአይፎን የጎን ቁልፉንና ከድምፅ ቁልፎች አንዱን አንድ ላይ መጫን የማጥፊያውን ገጽ ያመጣል።

የስልኩ ቅንብር የማይፈቅደውን ማስተካከያ እናደርጋለን የሚሉ መተግበሪያዎች አሉ። ድምፅ መጨመሪያውን መብራት ማብሪያ ማድረግ፣ መቀነሻውን ዘፈን መቀየሪያ ማድረግ የመሰለ ነው። እነዚህ መተግበሪያዎች የቁልፉን ግፊት ለመቀበል በአብዛኛው የተደራሽነት አገልግሎት ፈቃድ ይጠይቃሉ። ፈቃዱ መጀመሪያ የተዘጋጀው ዓይነ ስውራንን ለመርዳት ስለሆነ በጣም ሰፊ ነው። ያገኘው መተግበሪያ በስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ሊያነብ፣ በባለቤቱ ምትክ ሊነካና ሊጽፍ ይችላል። ይህ ማለት የቴሌብር ወይም የባንክ መተግበሪያ ሲከፈት የሚታየውን ሒሳብ፣ በአጭር መልእክት የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥርም ሊያይ ይችላል ማለት ነው። ከዚህ አደጋ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አንድሮይድ 13 ከመተግበሪያ መደብር ውጪ በፋይል የተጫኑ መተግበሪያዎች ይህን ፈቃድ በቀላሉ እንዳያገኙ ገደብ አድርጓል።

መብራት በቁልፍ ለማብራት ሲባል ይህን ያህል ሥልጣን መስጠት ተመጣጣኝ አይደለም። በቴሌግራም ወይም ከስልክ ወደ ስልክ የተላከ የቁልፍ መቀየሪያ መተግበሪያ ሊጫን አይገባም፤ ገደቡን እንዲያነሱ የሚያስተምር ምክርም መከተል አያስፈልግም። ቀድሞ የተሰጠ ፈቃድ በቅንብሮች ውስጥ በተደራሽነት ሥር በዝርዝር ይታያል፤ ባለቤቱ የማያውቀው ስም ካገኘ ወዲያውኑ ማጥፋትና መተግበሪያውን ማስወገድ፣ ከዚያም የባንክና የቴሌብር የሚስጥር ቁጥሩን መቀየር አለበት።

የቁልፍ ጥምረትና ጥገና

የደረቀ ስልክ በቁልፍ እንደገና ሊነሳ ይችላል። በአይፎን 8 እና ከዚያ ወዲህ በወጡት ላይ ድምፅ መጨመሪያውን ተጭኖ መልቀቅ፣ መቀነሻውን ተጭኖ መልቀቅ፣ ከዚያም የአፕል ምልክት እስኪታይ የጎን ቁልፉን ይዞ መቆየት ነው፤ መረጃ አይጠፋም። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ግን ስልኩ ጠፍቶ ሳለ ማብሪያውንና ድምፅ መጨመሪያውን አንድ ላይ መጫን በብዙዎቹ ላይ የጥገና ገጽ ይከፍታል። በዚያ ገጽ ውስጥ ሁሉንም መረጃ የሚደመስስ ትእዛዝ ስላለ ትርጉሙን ሳያውቁ መምረጥ አይገባም። ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰውም ስልኩ በዚህ መንገድ ቢጠራ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በአንድሮይድ ላይ ያለው ጥበቃ የቀድሞውን ባለቤት የጉግል አካውንት እንደሚጠይቅ ማወቅ አለበት። ሻጩ አካውንቱን በፊቱ እንዲያወጣ ማድረግ ከክፍያ በፊት የሚፈጸም ነው።

ማብሪያው ፈጽሞ ካልሠራ ስልኩ እንዳይጠፋ ቻርጅ ማድረግና መረጃውን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ይቀድማል። ስክሪኑ ቻርጀር ሲሰካ ወይም በጣት አሻራ ሊበራ ይችላል፤ የጠፋ አይፎንም ቻርጀር ሲሰካ በራሱ ይነሳል። የጣት አሻራ አንባቢው በቁልፉ ላይ ከሆነ ጥገናው ከተራ ቁልፍ ይለያል። ከአይፎን 5ኤስ እስከ 8 ባሉት ስልኮች ላይ የመነሻ ቁልፉ ከዋናው ሰሌዳ ጋር የተጣመረ ስለሆነ በሌላ ሲተካ የጣት አሻራው አይሠራም። ስለዚህ ባለቤቱ ከመስማማቱ በፊት ቁልፉ ይጸዳ፣ ፍሌክሱ ይለወጥ ወይም ሙሉ ቁልፉ ይተካ እንደሆነ ጠጋኙን ጠይቆ ማረጋገጥ ይኖርበታል። የስልኩ መክፈቻ ቁጥር ለጠጋኝ መሰጠት የለበትም፤ ቁልፉ መሥራቱ ባለቤቱ ባለበት ሊሞከር ይችላል።