ወንበርና ደብር፤ በላስታና በአጎራባቹ አገር የመምህር የሥራ ቦታ አመራረጥ ታሪክ

አንድ መምህር ዕድሜውን በሙሉ በሙያው እያደገ የሚኖርበትን የሥራ ቦታ በምን መለየት ይችላል የሚለው ጥያቄ፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲቋቋም አብሮ የተፈጠረ ተደርጎ ሲታሰብ ይታያል። ነገር ግን ጉዳዩ በላስታ፣ በዋድላና በጋይንት ደጋዎች ለብዙ ዘመን ሲታሰብበትና ሲሠራበት የኖረ ነው። የጥንቱ ሊቃውንት ለጥያቄው የሰጡት መልስ ዛሬ በምደባና በዝውውር ሥራ ላይ ለተሰማሩ ክፍሎች የሚያስገነዝበው ነገር አለ ተብሎ ስለታመነ፣ ታሪኩን ከዚህ በታች በመጠኑ ማየቱ ተገቢ ይሆናል።

ከላሊበላ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በእግር መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ አካባቢ ካለ ሰፊ ዋሻ ውስጥ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ሕንጻው እንጨትና ድንጋይ በተራ እየተነባበሩ በአክሱም ዘመን ሥልት የታነጸ ሲሆን፣ ስሙን የወረሰው ንግሥናን ከክህነት ጋር አጣምሮ እንደያዘ ከሚነገርለት የዛጔ ንጉሥ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አገራችንን በጎበኘ ጊዜ ስለዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጽፎ አልፏል። እንግዲህ ዝናን፣ ጥንታዊነትንና የነገሥታትን ሞገስ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የበለጠ ደብር ማግኘት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ሊቃውንቱ የማስመስከሪያ ጉባኤዎችን ሲቆጥሩ በዚህ ዝና አልተመሩም። ለቅኔ ዋድላ፣ ለቅዳሴ በዋድላ ደላንታ ያለው ሰለልኩላ፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለድጓ የጋይንቱ ቤተ ልሔም ይጠራሉ። ከእነዚህ ውስጥ መናገሻ ከተማ የነበረ አንድም የለም። በሌላ አነጋገር ደብር የአገልግሎት ቦታ ነው፤ ወንበር ግን የዕውቀት ቦታ ነው፤ ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ ይገናኛሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

ይህ ልዩነት በተማሪውም በመምህሩም ኑሮ ላይ ትልቅ ውጤት ነበረው። የላስታ ልጅ ፊደልንና ዳዊትን ከመንደሩ ደብር ከተማረ በኋላ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ይወጣ ነበር። የሚሄደውም ወደታወቀ አገር ሳይሆን ወደታወቀ መምህር ነው። መንገደኛ ሲያገኝ የሚጠይቀው ስለ ደብሩ ሀብት ሳይሆን «ማን ያስተምራል? ምን ያህል ጊዜ ተቀምጧል? ጉባኤው አልተፈታም ወይ?» እያለ ነበር። ሙሉ ሊቅ ለመሆን ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ስለሚችል፣ የመምህሩ በአንድ ቦታ መርጋት ለተማሪው ከምግብና ከልብስ ያላነሰ ጉዳይ ነበር።

የማስተማር ሙያ የሚለመደውም በዚያው ጉባኤ ውስጥ ነው። በቅኔ ቤት አስነጋሪ የሚባለው የበሰለ ተማሪ ታናናሾቹን እየመራ፣ ከየኔታ ዘንድ ደግሞ የራሱን ትምህርት ይቀጥላል። ጠዋት አስተማሪ ሆኖ ያረፈደው ሰው ማታ ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ይታረማል። የዛሬዎቹ የሙያ ማሻሻያ መመሪያዎች በብዙ ገጽ የሚያብራሩትን ነገር ይህ ሥርዓት ያለ መመሪያ ይፈጽመው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። አስነጋሪው በመጨረሻ ተመርቆ ሲሰናበት፣ ወይ የመምህሩን ወንበር ይወርሳል፣ ወይ በሌላ አገር ወንበር ይተክላል። በጎጃም የዓይን ብርሃን ያልነበራቸው እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ፣ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው ራሳቸው የቅኔ መምህር ለመሆን የበቁት በዚሁ መንገድ ነው። እርግጥ ነው፣ ሴት ልጅ ወደዚህ ደረጃ የደረሰችበት ምሳሌ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሥርዓቱን የሚያመሰግን ሰው ይህንንም፣ ተማሪው በልመና ቁራሽ የኖረበትንና በወረርሽኝ ያለቀበትንም ዘመን ሊዘነጋ አይገባውም።

መምህሩ ረግቶ እንዲቀመጥ ያስቻለው ምን ነበር? መልሱ በአብዛኛው መሬት ነው። ደብሩ ከያዘው የሰሞን መሬት ለመምህሩ የሚተርፍ ድርሻ ነበረው፤ ባላገሩም ተማሪውን በቁራሽ ይረዳ ነበር። በወሎ ለዚህ የታወቀው አብነት ቦሩ ሜዳ ነው። ከ1870 ዓ.ም. ጉባኤ በኋላ በነበሩት ዘመናት መምህር አካለ ወልድ በቦሩ ሥላሴ ወንበራቸውን ዘርግተው እስከ እርጅናቸው በማስተማራቸው፣ ከየአገሩ የመጡ ደቀ መዛሙርት ከእሳቸው ተምረው ወጥተዋል። ስማቸው ዛሬም በደሴ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይጠራል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ግን የደብር መሬትም አብሮ ስለተወረሰ፣ የወንበሩ ኢኮኖሚያዊ መሠረት ፈረሰ። አዋጁ ለጢሰኛው ያስገኘው ጥቅም የማይካድ ሲሆን፣ በየገጠሩ ጉባኤዎች ላይ ያስከተለው ጉዳት ግን በትምህርት ታሪካችን ውስጥ ተገቢውን ያህል አልተጻፈም።

ዘመናዊው ትምህርት ከጅምሩ ሌላ መንገድ ይዟል። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ መምህራን ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። መምህሩ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚመጣው ተመድቦ ነው እንጂ መርጦ አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ሲደረግ፣ ብዙዎቹ በመምህርነት ተሰማርተዋል። ገጠሩን ማየታቸው መልካም ነበር፤ ነገር ግን በዓመቱ መጨረሻ ይመለሳሉ። በ1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን የተሰማሩበት የዕድገት በኅብረት ዘመቻም ቢሆን በባሕርዩ ጊዜያዊ ነበር። ምደባው በማዕከል በነበረበት ዘመን የደጋ ላስታ ትምህርት ቤት ለአዲስ ተመራቂ ማለፊያ ጣቢያ እንጂ መኖሪያ ሆኖ አልታየም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለመምህራን የሙያ ዕድገት መሰላል እንዲኖር መሠረት ጥሏል። ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ በመለስተኛ መምህር፣ በመምህርና በከፍተኛ መምህር አልፎ እስከ መሪ መምህርነት የሚያደርስ ደረጃ ተዘርግቷል። የክረምት ትምህርትም በደሴ፣ በወልድያና በሌሎችም ተቋማት ለብዙ ሺህ መምህራን በር ከፍቷል። ሆኖም ቅጥሩ ወደ ወረዳ ከወረደ ወዲህ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው መዛወር ቀላል አልሆነም፤ ስለዚህም ወጣቱ መምህር መጀመሪያ የሚይዘው ቦታ ከድሮው ይልቅ ከባድ ውሳኔ ሆኗል።

እንዲህ ያለው መምህር ቦታውን ሲመዝን ብዙውን ጊዜ የሚያየው የመኪና መንገድን፣ መብራትንና የቤት ኪራይን ነው። ይህን ማየቱ አያስነቅፈውም። የክረምት ኮርስ ለመድረስ ወንዝ መሻገር ያለበት ሰው መንገድን ቢያስቀድም ትክክል ነው። ነገር ግን የዋድላ ተማሪ ይጠይቅ የነበረው ጥያቄ እዚህም ይሠራል። በዚያ ትምህርት ቤት በትምህርቱ ዓይነት የበሰለ ነባር መምህር አለን? ርዕሰ መምህሩ ስንት ዓመት ተቀምጧል? አዲሱ ሰው ሲያስተምር ገብቶ የሚያይና የሚያርመው ይኖራል ወይስ የሚታየው ቅጽ ለመሙላት ብቻ ነው? ሦስት ጀማሪዎች ብቻ ያሉበት የከተማ ትምህርት ቤት፣ አንድ ረጋ ያለ ከፍተኛ መምህር ካለበት የገጠር ትምህርት ቤት ያነሰ የማደጊያ ቦታ ሊሆን ይችላል።

በፕላን ሥራ ላይ ላሉትም ነገሩ ግልጽ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላስታና መላው ሰሜን ወሎ የጦርነት ቀጠና በሆኑ ጊዜ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭትም ብዙዎቹን አዘግቷል። የፈረሰ ክፍል የሚተመንበት ዋጋ አለ፤ ወንበር ወይም ጠረጴዛም ይቆጠራል። አካባቢውን ለቀው የሄዱ ነባር መምህራን ግን በክፍያ ዝርዝሩ ላይ በአዲስ ተቀጣሪ ሲተኩ፣ የጎደለው ነገር በቁጥር ስለማይታይ ቦታው እንደተሞላ ተደርጎ ይመዘገባል።