የስላይድ ሙጫና የፎገራው ካላዛር

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ተንጣሎ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የርብንና የጉማራን ጎርፍ የሚቀበል አገር ነው። በወረታና በአካባቢዋ ትኩሳት ያደረበት ሰው ሲገኝ አስቀድሞ ወባ መጠርጠሩ የሚያስነቅፍ አይደለም። ሆኖም በሊቦ ከምከምና በፎገራ መድኃኒት የተላመደ ወባ እየተባለ ሲታከም የቆየው በሽታ ካላዛር መሆኑ የታወቀው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ነበር። በአዲስ ዘመን ከተማ በተቋቋመው የሕክምና ማዕከል እስከ ታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ድረስ ከታከሙት ሕሙማን 6.8 በመቶ ያህሉ ሞተዋል።

የሁለቱም በሽታዎች ተውሳክ በዓይን የሚታየው በስላይድ ላይ ነው፤ የወባው ከደም፣ የካላዛሩ ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ በመርፌ ከተቀዳ ናሙና። ለዚህ ሥራ ሙጫ አይገዛም፤ ናሙናው ራሱ ሙጫ ነውና። በውስጡ ያለው ፕሮቲን ሲደርቅ ከመስተዋቱ ጋር ይጣበቃል፤ ስስ ቅብ ሲሆን ደግሞ ሜታኖል ያጸናዋል። ወፍራሙ የደም ቅብ ግን ሜታኖል ሳይነካው በጊምሳ ስለሚቀለም፣ በሚገባ ሳይደርቅ የቀረበ እንደሆነ ታጥቦ ይሄዳል። ግማሹ በታጠበ ናሙና ላይ «ተውሳክ አልታየም» ተብሎ ቢጻፍ ለሕመምተኛው ምን ይረባዋል?

በፓራፊን ሰም ተይዞ በማይክሮቶም የተቆረጠ ሕብረ ሕዋስ በዚህ መንገድ አጥብቆ አይይዝም። መፍትሔውን እ.ኤ.አ. በ1883 ያቀረበው፣ በኔፕልስ የባሕር እንስሳት ጥናት ጣቢያ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው ፓውል ማየር ነው። ቅመሙ የወጥ ቤት ነገር ይመስላል፦ የእንቁላል ነጭና ግሊሰሪን እኩል ለእኩል፣ እንዳይበላሽም ጥቂት ሶዲየም ሳሊሲሌት። ከዚህ ቅመም ጥቂት ጠብታ በጣት ተቀብቶ እስኪሳሳ ድረስ ይታሻል፤ የወፈረ እንደሆነ ቀለሙን እየጠጣ መደቡን ያቆሽሻል። ማየር ያደረገው ደም በተፈጥሮው የሚያደርገውን በእንቁላል መተካት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ከላይ የሚሸፍነው ማጣበቂያ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በ19ኛው መቶ ዓመት የነገሠው የካናዳ በለሳን ነበር። ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን ለመስተዋት በእጅጉ ስለሚቀርብ ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ውሃ ላልወጣለት ናሙና ደግሞ የግራር ሙጫ ከግሊሰሪን ጋር ተደባልቆ ይሠራበት ነበር። በፎገራና በሊቦ ወረርሽኝ ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከግራር ሥር መተኛት ለካላዛር እንደሚያጋልጥ አመልክቷል። የግራሩ ዝርያ ይለያይ እንጂ ግጥምጥሞሹ ያስገርማል።

በለሳን ሲያረጅ ቢጫ ይሆናል፣ አሲድም ያበዛል፤ አሲድ ደግሞ የጊምሳን ቀለም ያጠፋል። ይህ ለካላዛር ቀላል ጉዳት አይደለም። የሌሽማንያ ተውሳክ ከሌላው ጥቃቅን ነገር የሚለየው ከአስኳሉ ጎን ባለችው ዘንግ መሰል ነጥብ ነው፤ እርሷ ከደበዘዘች ስላይዱን እንደገና የሚመረምር ሰው የሚይዘው ማስረጃ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1939 ኪርክፓትሪክና ሌንድረም ከፖሊስታይሪንና ከዛይሊን የቀመሙት ዲፒኤክስ ይህን ጉድለት በብዙው አቃልሎታል።

በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረርሽኙ በረገበ ጊዜ በሽታው ከአካባቢው አልጠፋም፤ ሥር ሰዶ ቀረ። ስለዚህ ተውሳኩን አይቶ የማያውቅ ጀማሪ ባለሙያ የሚማርበት የቆየ ስላይድ ያስፈልገዋል። የሌንሱ ዘይት በዛይሊን ተጠርጎ፣ አንድ ጠብታ ዲፒኤክስ ተደርጎ፣ አየር ሳይገባበት የተከደነ ስላይድ ከብርሃን ተከልሎ ቢቀመጥ ለዓመታት ይቆያል።