ሞተራችን ለምን ጣሊያንኛ ይናገራል? የአንዲት ቀጭን ጓርኒሲዮን ታሪክ

ሜክሲኮ አካባቢ ታክሲ ስትጠብቁ ዓይናችሁን ከሰልፉ ላይ አንሡና አስፋልቱን እዩት። መኪኖች ቆመው በሄዱበት ቦታ ሁሉ ጥቁር የዘይት ነጠብጣብ አለ። አንዱን ሾፌር «ይሄ ዘይት ከየት ነው የሚፈሰው?» ብትሉት መልሱን አያስብበትም፦ «ጓርኒሲዮኗ ናት!»

ጓርኒሲዮን በሁለት የብረት ክፍሎች መካከል የምትገባ ቀጭን ንጣፍ ናት። ሥራዋ ዘይት፣ ውሃ ወይም ጋዝ እንዳያመልጥ መያዝ ነው። ከወረቀት፣ ከቡሽ፣ ከላስቲክ ወይም ከስስ ብረት ትሠራለች። ከሞተሩ ዋጋ ጋር ስትነጻጸር ከቁጥር የምትገባ አይደለችም። ይሁን እንጂ እሷ ስትበላሽ ችላ ከተባለች ሙሉ ሞተር ይዛ ልትሄድ ትችላለች።

ዛሬ ሁለት ጥያቄ አብረን እንመልስ። ይህቺ ቃል እንዴት አፋችን ውስጥ ገባች? የምታፈስ ጓርኒሲዮን ቢያጋጥማችሁስ የቱን በራሳችሁ እጅ መቀየር ትችላላችሁ፣ የቱንስ ለባለሙያ መተው አለባችሁ?

አደባባዩና ቃሉ

መጀመሪያ የቆማችሁበትን ቦታ ስም እንየው። ፋሺስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ስትይዝ ብዙ መንግሥታት ውለው አድረው ወረራውን ተቀበሉት። ሜክሲኮ ግን እምቢ ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። በፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ ዘመን ተወካዮቿ በመንግሥታት ማኅበር ስለ ኢትዮጵያ ተሟግተዋል። ኢትዮጵያም ይህን ውለታ አልረሳችም፤ አደባባዩ በሜክሲኮ ስም ተሰየመ። በሜክሲኮ ሲቲም በአገራችን ስም የሚጠራ አደባባይ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የተከፈተው «ኢትዮጵያ» የተባለው የምድር ባቡር ጣቢያም ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። የእኛው ክብ አደባባይ ከተማው ሲለወጥና ቀላል ባቡሩ ሲመጣ ድሮ የነበረውን መልኩን አጥቷል፤ ስሙ ግን እንዳለ ነው።

ነገሩ የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው። የጣሊያንን ወረራ «አልቀበልም» ባለች አገር ስም በተጠራ ሰፈር፣ መኪና የሚጠግን ሰው ቀኑን ሙሉ የሚናገረው ጣሊያንኛ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፦ ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው። ትርጉማቸውን ስታውቁ ደግሞ ሌላ ደስታ አለው። ካንዴላ ሻማ ማለት ነው። ማርሚታ ድስት ነው። ከሞተሩ ሥር ዘይቱን የምትይዘው ኮፓ ኩባያ ናት። የሞተሩ ክዳን ቴስታታ የተባለው «ቴስታ»፣ ማለትም ራስ፣ ከሚለው ቃል ነው። ጓርኒሲዮንስ? በጣሊያንኛ ይህ ቃል የልብስ ጠርዝ ጌጥንም፣ ከምግብ ጎን የሚቀርብ ማጀቢያንም፣ የሞተር ንጣፍንም ይጠራል።

ቃሉ በምን ተጭኖ መጣ?

መኪና ኢትዮጵያ የገባው ከወረራው ብዙ ቀድሞ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ «ሲደሊ» የተባለች መኪና ይዞ ረጅሙን በረሃ አቋርጦ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክም ተቀበሉት። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ግን መኪና የቤተ መንግሥትና የጥቂት ባለጸጎች ንብረት ሆኖ ቆየ። ጥቂት መኪና ባለበት ጥቂት ጠጋኝ ነው ያለው፤ የራሱ ቋንቋም አያወጣም።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነገሩ ተለወጠ። የወራሪው ጦር ከፊያትና ከላንቻ የጭነት መኪኖች ጋር መጣ፤ መኪኖቹ እንዲሄዱ መንገድ ተሠራ፤ መኪኖቹ ሲሰበሩ የሚጠግን ጋራዥ ተከፈተ። መንገዱ የተሠራው ለእኛ ታስቦ አልነበረም፤ ወታደርና ጥይት ለማመላለስ ነበር። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የተጨፈጨፉት በዚያው ዘመን ነው። ስለዚህ እነዚህን ቃላት የወራሪ ስጦታ ናቸው ብለን አንቆጥራቸውም። ጋራዥ ውስጥ ዕቃ አቀብል እየተባለ፣ እያየና እየሰማ ሙያውን የቀሰመ ኢትዮጵያዊ በራሱ ጥረት የወሰዳቸው ናቸው። ወረራው ሲያበቃ ብዙ ጣሊያናውያን ሠራተኞች እዚሁ ቀርተው ጋራዥ ከፍተዋል፤ ሙያው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቃሉም አብሮ ተላለፈ።

ከነጻነት ማግስት ደግሞ ሌላ ቋንቋ ገባ። ከሜክሲኮ ብዙም በማይርቀው በተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ወጣቶች መካኒክነትን ከመጽሐፍ መማር ጀመሩ፤ መጽሐፉም እንግሊዝኛ ነበር። ዛሬም ልዩነቱ ይሰማል። ከኮሌጅ የወጣው ልጅ «ጋስኬት» ይላል፤ ጋራዥ ያሳደገው «ጓርኒሲዮን» ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንዲት ንጣፍ ነው።

ላዳን ብታስቡ ታሪኩ ሌላ ዙር ይዞራል። የአዲስ አበባን ሕዝብ ለዓመታት ያመላለሰችው ሰማያዊና ነጭ ላዳ የሶቪየት ሥራ ናት። ነገር ግን ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውለው የወሰዱት የፊያት 124ን ንድፍ ነው፤ በ1970 ማምረት ሲጀምሩም ፋብሪካው ያለበት ከተማ በጣሊያናዊው ኮሚኒስት በቶሊያቲ ስም ተጠርቶ ነበር። የእኛ መካኒክ ላዳን ከፍቶ በጣሊያንኛ ሲጠራት ሳያውቀው በትውልድ ስሟ እየጠራት ነው።

ሁለት ቶን የሚገፋት ንጣፍ

አሁን ወደ ሳይንሱ እንግባ። ሞተር ውስጥ ብዙ ጓርኒሲዮን አለ፤ ከሁሉም ከባዱን ሸክም የምትሸከመው ግን በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለችው ናት።

እስቲ እናስላ። የመጀመሪያዋ ላዳ ሲሊንደር ስፋቱ 76 ሚሊ ሜትር ነው። የክቡ ስፋት ወደ 45 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ቤንዚኑ ሲቀጣጠል ግፊቱ 40 የከባቢ አየር ግፊት ደረሰ እንበል፤ ይህ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 40 ኪሎ ግራም ያህል ጭነት ማለት ነው። 45 በ40 ስታባዙ 1,800 ኪሎ ግራም ታገኛላችሁ። ሁለት ቶን ሊሞላ ምንም ያልቀረው ኃይል ቴስታታውን ወደ ላይ ይገፋል ማለት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ይህ በአንድ ሲሊንደር ብቻ በሴኮንድ 25 ጊዜ ይደጋገማል።

ሌላም ችግር አለ። በብዙ መኪና ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ከሥሩ ያለው አካል ደግሞ ጥሬ ብረት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከጥሬ ብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። 50 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቴስታታ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ሲሞቅ 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከሥሩ ያለው ብረት ግን 0.4 ገደማ ብቻ። መካከላቸው ያለችው ጓርኒሲዮን ሞተሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ወዲህና ወዲያ ትታሻለች። ዓመታት ሲያልፉ ትደክማለች።

ከፍታችን ደግሞ ይጨምርበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጤነኛ የራዲያተር ክዳን ግፊት አፍኖ ስለሚይዝ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ አይፈላም። ክዳኑ ከላላ ግን ሞተሩ በተለመደው ሙቀቱ እየሠራ ሳለ ውሃው መፍላት ይጀምራል። ሞተር ሲግል ቴስታታው ይጣመማል፤ ሲጣመም ጓርኒሲዮኗ ትቃጠላለች። እንግዲህ አንዲት የላላች ክዳን ስንት ነገር እንደምታበላሽ አስቡት።

በእጃችሁ ብትሞክሩት

ለጀማሪ የምትስማማው ከቫልቮቹ በላይ ያለው ክዳን ጓርኒሲዮን ናት፤ ግፊት የላትም፣ ቦታዋም ክፍት ነው። እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ፍሳሹ በእርግጥ ከየት እንደሆነ ለዩ። ዘይት ወደ ታች ስለሚወርድ ኮፓዋ ረጠበች ማለት ኮፓዋ ታፈሳለች ማለት አይደለም። ሞተሩን በደንብ ጥረጉት፣ ትንሽ አስነሡት፣ ከዚያ ከሁሉም ከፍ ብሎ የረጠበውን ቦታ ፈልጉ። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚከስረው ይህን እርምጃ ዘሎ ያልተበላሸውን ሲቀይር ነው።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ዳዶዎቹን ፈትታችሁ ክዳኑን አንሡ። አሮጌዋን ጓርኒሲዮን ስትልጡ ፍርፋሪ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑበት። አሉሚኒየምን በቢላ አትፋቁት፤ አንድ ጭረት አዲስ የፍሳሽ መንገድ ይሆናል። ፊቱ ንጹሕና ደረቅ ሲሆን አዲሷን አስቀምጡ። ዳዶዎቹን ከመሐል ጀምራችሁ ወደ ዳር፣ በመስቀለኛ፣ በየተራ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ።

እዚህ ላይ የሁሉም ጀማሪ ስሕተት አለ፦ «ባጠብቀው ይሻላል» ማለት። ጓርኒሲዮን የምትይዘው እንደ ምንጭ ተጨምቃ መልሳ ስትገፋ ነው። ከልክ በላይ ከጠበቀች ቡሹ ይሰነጠቃል፣ ክዳኑም ይጎብጣል፤ ያን ጊዜ ከበፊቱ ብሳ ታፈሳለች።

የተዘጋጀች ጓርኒሲዮን ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ካጣችሁ ከጓርኒሲዮን ወረቀት መቁረጥም ይቻላል። የቆዩ መካኒኮች ወረቀቱን ብረቱ ላይ ዘርግተው በመዶሻ ክብ ራስ ጠርዙን ቀስ ብለው ይመቱታል፤ የብረቱ ጠርዝ ራሱ ወረቀቱን ይቆርጠዋል። ንድፍ የለ፣ መለኪያ የለ፤ ግን ልክክ ይላል። ከአሮጌ የጎማ ላስቲክ መቁረጥ ግን ዘይት ላለበት ቦታ አይሆንም። ያ ላስቲክ አየር እንዲይዝ እንጂ ዘይት እንዲቋቋም አልተሠራም፤ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይላሽቃል።

እዚህ ጋ ቁሙ

የዘይት መለኪያውን ስታወጡ ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ፣ ሞተሩ ሲሠራ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከተንፈቀፈቀ፣ ወይም ሞተሩ ሞቆም ነጭ እንፋሎት ካላቆመ የተበላሸችው የቴስታታዋ ጓርኒሲዮን መሆኗ አይቀርም። መኪናውን አታስነሡት። ውሃ የገባበት ዘይት ብረትን ከብረት አይጠብቅም።

ይህን ሥራ መጀመሪያ ስታዩት ከሚያውቅ ሰው ጎን ቆማችሁ ይሁን። ቴስታታው ከ0.1 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከአንድ ወረቀት ውፍረት፣ ያነሰ ቢጣመም እንኳ አዲሷን ሊያቃጥላት ይችላል፤ ስለዚህ ቀጥ ባለ ብረት ይለካል፣ ካስፈለገም በማሽን ይስተካከላል። ቡሎኖቹም በዘፈቀደ አይጠብቁም፤ የአምራቹ መጠንና ተራ አላቸው።

አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ፦ የድሮ ጓርኒሲዮኖች ብዙዎቹ አስቤስቶስ አለባቸው። ሙቀት ስለሚችል ለአሥርት ዓመታት ከመዳብ ጋር ተጣብቆ ሲሠራበት ቆይቷል፤ ብናኙ ግን ሳንባ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ያመጣል። ምን እንደሆነች የማታውቋትን አሮጌ ጓርኒሲዮን በደረቁ አትፋቁ፣ በአየር ግፊትም አትንፉ። አርጥቧት፣ አፍንጫና አፋችሁን በደንብ ጠብቁ፣ ቁራጩን በላስቲክ ቋጥራችሁ አስወግዱ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ የተስፋፉት ከስስ የብረት ንጣፎች የሚደረቡት አዳዲሶቹ ይህ አደጋ የለባቸውም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የግል መኪና እንዳይገባ መወሰኑን አሳውቋል። የኤሌክትሪክ መኪና ቴስታታ የለውም፤ ማኪያቶ የሚመስል ዘይትም አያሳይም። ባትሪው ግን ውሃ እንዳይገባው ዙሪያውን በጓርኒሲዮን ነው የሚታሸገው። ሜክሲኮ አካባቢ ያ ባትሪ አንድ ቀን ውሃ ሲያስገባ መካኒኩ ምን ብሎ እንደሚጠራት ለመስማት ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። እስከዚያው አስፋልቱ ላይ ያለው ነጠብጣብ ከየትኛው መኪና፣ ከየትኛው ቦታ እንደወረደ ለማወቅ ሞክሩ፤ መካኒክነት የሚጀምረው ከዚያ ነው።