ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ለሚሠሩ የዓሣ ማስገሪያ ጀልባዎች የኤሌክትሪክ ሞተር አመራረጥ

በአገራችን ዓሣ በብዛት ከሚመረትባቸው ሐይቆች አብዛኞቹ ሰፊ ናቸው እንጂ ጥልቅ አይደሉም። የጣና ሐይቅ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ኖሮት ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አያልፍም፤ የደንበል (ዝዋይ) ሐይቅ አማካይ ጥልቀት ደግሞ 2.5 ሜትር ያህል ብቻ ነው። መረብ የሚጣለውም በአብዛኛው ከዳርቻው ብዙ ሳይርቅ፣ ደንገልና ፊላ በበቀለበት አካባቢ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ውኃ ላይ የቤንዚን ሞተር ጭቃ ይመታል፣ ሣር ይጠመጥማል፣ ነዳጅም ይፈጃል። በመቅዘፊያ መሥራት ደግሞ ጉልበትና ጊዜ ይወስዳል። በዚህ ምክንያት በግልም ሆነ በማኅበር የተደራጁ አስጋሪዎች በባትሪ ስለሚሠራ የጀልባ ሞተር መጠየቅ ጀምረዋል። ይህ ጽሑፍ ግዥ ከመፈጸሙ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸውን ጉዳዮች ያስረዳል።

ሞተሩ ምን ይችላል፣ ምንስ አይችልም?

በገበያ ላይ “ትሮሊንግ ሞተር” በሚል ስም የሚታወቀው መሣሪያ በመጀመሪያ የተሠራው በጀልባ ቀስ እያሉ መንጠቆ ለመጎተት ነው። ከዚህ አጀማመሩ የሚጠበቅበትን መገንዘብ ይቻላል። በ12 ቮልት ከሚሠሩት መካከል ከፍተኛው ደረጃ ላይ የሚገኘው ባለ 55 ፓውንድ ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 50 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ይህም 600 ዋት ማለት ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት መሆኑን ስናስታውስ፣ ሞተሩ ከአንድ የፈረስ ጉልበት በታች እንደሚወስድ እንረዳለን። ስለዚህ 15 የፈረስ ጉልበት ያለውን የቤንዚን ሞተር ይተካል ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ቢያጋጥም ሊታመን አይገባም። የተጫነ ጀልባ በዚህ ሞተር የሚጓዘው ሰው በእግሩ በሚሄድበት ፍጥነት፣ በሰዓት 4 ወይም 5 ኪሎ ሜትር ነው።

ይህ ፍጥነት ከዳርቻ እስከ 3 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ርቀት ላይ መረብ ለሚጥልና ለሚያነሣ አስጋሪ በቂ ነው። ሐይቅ አቋርጦ ዓሣ ለሚያጓጉዝ ግን አይሆንም። በሌላ በኩል ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ጥቅም አለው። የቤንዚን ሞተር ከባሕር ወለል በላይ ከፍ በተባለ ቁጥር አየር ስለሚሳሳበት ጉልበቱ ይቀንሳል። በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኘው ጣና ሞተሩ በፋብሪካ ከተጻፈለት ጉልበት አንድ አምስተኛ ገደማውን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን በከፍታ ምክንያት የሚያጣው ጉልበት የለም።

ከደንገል ለሚሠራው ታንኳ ይህ ሞተር አይመከርም። ሞተሩ የሚታሰርበት ጠንካራ የኋላ ግድግዳ የለውም፤ ባትሪውም ውኃ በሚመጠው ደንገል ላይ ሊቀመጥ አይገባም። የምንናገረው ከእንጨት፣ ከፋይበርግላስ ወይም ከብረት ስለተሠሩ ጀልባዎች ነው።

የሞተሩን ጉልበት በጭነት መወሰን

የሞተሩ የመግፋት አቅም የሚለካው በፓውንድ ሲሆን አንድ ፓውንድ 0.45 ኪሎ ግራም ነው። በተለምዶ የሚሠራበት ስሌት የመግፋት አቅሙ ቢያንስ ከተጫነው ጀልባ ጠቅላላ ክብደት ሁለት በመቶ መሆን አለበት ይላል። “የተጫነ” የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል። አስጋሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቡት የጀልባውን ክብደት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ጀልባው ከሚሸከመው ውስጥ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ሌላ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጀልባው 280 ኪሎ ግራም፣ ሦስት ሰዎች 200፣ ውኃ የጠጣ መረብ ከመልሕቅና ከሣጥኖች ጋር 90፣ ሁለት ባትሪዎች 60፣ የሚገኘው ዓሣ 120 ኪሎ ግራም ቢሆን ድምሩ 750 ይሆናል። ሁለት በመቶው 15 ኪሎ ግራም ወይም 33 ፓውንድ ነው። ይህ ስሌት ግን የሚሠራው ውኃው በተኛበት ሰዓት ነው። በሐይቆቻችን ላይ ጠዋት ጸጥ ያለው ውኃ ከቀትር በኋላ በነፋስ መናወጡ የተለመደ በመሆኑ በስሌቱ ላይ ግማሹን ያህል መጨመር ይገባል። ስለዚህ ለዚህ ጀልባ ከ50 ፓውንድ በታች የሆነ ሞተር መግዛት አይመከርም፤ ባለ 55 ፓውንዱ ተገቢው ነው። ጠቅላላ ክብደቱ ከ1,000 ኪሎ ግራም በእጅጉ የሚበልጥ ጀልባ በ24 ቮልት የሚሠራ ሞተር ያስፈልገዋል፤ ይህም ሁለት ባትሪ በተከታታይ ማያያዝን ይጠይቃል።

ዋናው ግዥ ባትሪው ነው

ገዢዎች ስለ ሞተሩ ብዙ ይጠይቃሉ፤ ስለ ባትሪው ግን እምብዛም። በእኛ ግምገማ ሊሆን የሚገባው የዚህ ተቃራኒ ነው። በመካከለኛ ደረጃ የተሠራ ሞተር ከጥሩ ባትሪ ጋር አስጋሪውን ወደ ቤቱ ይመልሰዋል፤ ምርጥ ሞተር ከደካማ ባትሪ ጋር ግን ሐይቅ ላይ ያስቀረዋል።

በቅድሚያ የመኪና ባትሪ ለዚህ ሥራ እንደማይሆን መታወቅ አለበት። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሰከንዶች ብዙ ኃይል እንዲሰጥ ነው። በየቀኑ እስከ ግማሽ ድረስ ሲራገፍ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይሞታል። መጠየቅ ያለበት ደጋግሞ በጥልቀት እንዲራገፍ የተሠራ፣ ለፀሐይ ኃይል ማከማቻነትም የሚሸጠው ዓይነት ባትሪ ነው። ከእርሳስና ከአሲድ የሚሠራው በዋጋ ይቀንሳል፤ ሆኖም ዕድሜው እንዳያጥር ከያዘው ኃይል ከግማሹ በላይ ባይወሰድ ይመረጣል። 100 አምፔር-ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ በተግባር እንደ 50 ይቆጠራል ማለት ነው። ክብደቱም 30 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የተባለው ዓይነት በዋጋ ከፍ ቢልም ከያዘው 80 በመቶውን ያለ ስጋት ይሰጣል፤ በተመሳሳይ አቅም 12 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል።

ስሌቱን ከላይ በጠቀስነው ጀልባ ላይ እንመልከተው። መረቡ የተጣለው ከዳርቻ 3 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው እንበል። ጠዋት በተኛ ውኃ ለመሄድ 45 ደቂቃ በ30 አምፔር ቢያስፈልግ 22.5 አምፔር-ሰዓት ይወስዳል። መረብ እያነሡ ለአንድ ሰዓት ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ በ10 አምፔር ሌላ 10 ይጨምራል። ከቀትር በኋላ ጀልባው ዓሣ ተጭኖ፣ ነፋስ ፊት ለፊት እየነፈሰ ለመመለስ 75 ደቂቃ በሙሉ ኃይል በ50 አምፔር ሲሠራ 62.5 ይሆናል። በድምሩ 95 አምፔር-ሰዓት። ሁለት ባለ 100 የእርሳስ ባትሪዎች በተግባር የሚሰጡት 100 ስለሆነ ጀልባው ለጥቂት ይደርሳል። አንድ ባትሪ ብቻ የያዘ አስጋሪ ግን ከመመለሻው መንገድ ገና አንድ አራተኛውን ያህል እንደሄደ ከግማሽ በታች መብላት ይጀምራል፤ የቀረውን መንገድ ባትሪውን እየጎዳ ይገፋል፣ ወይም ይቆማል። መመለሻው ከመሄጃው ሦስት እጥፍ ገደማ መፍጀቱ በተለይ ልብ ሊባል ይገባል። “ስንወጣ ከባትሪው የፈጀነው ሩብ ብቻ ነው” ብሎ መተማመን አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍጥነትን በትንሹ መቀነስ ኃይልን በብዙ እንደሚቆጥብም መገንዘብ ጠቃሚ ነው። ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ኃይል ስምንት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ይህን ቁጠባ ለማግኘት ግን የፍጥነት መቆጣጠሪያው ዓይነት ወሳኝ ነው። ባለ አምስት ማርሽ የሆኑት ርካሽ ሞተሮች በዝቅተኛ ማርሽ ላይ የኃይሉን ከፊል በሙቀት መልክ ያባክናሉ። ማርሽ ሳይኖረው በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ፍጥነቱ ከዜሮ ጀምሮ የሚስተካከለው ዓይነት ዋጋው ከፍ ቢልም በመረብ ሥራ ላይ ልዩነቱን በቶሎ ይመልሳል።

ዘንግ፣ ፕሮፔለርና ሣር

የዘንጉ ርዝመት በስሕተት ከሚመረጡት ነገሮች ቀዳሚው ነው። የፕሮፔለሩ መካከል ከውኃው ወለል በታች 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ መጥለቅ አለበት፤ ከዚያ ካነሰ አየር እየሳበ ያለ ሥራ ይሽከረከራል። ልኬቱ የሚወሰደው ጀልባው ባዶ ሆኖ ሲንሳፈፍ ነው፤ ባዶ ጀልባ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ። ከኋላ ግድግዳው አናት እስከ ውኃው ድረስ ያለው 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለማዕበል ጭምር 45 ያህል ጨምሮ 85 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። በገበያ ከሚገኙት 76፣ 91 እና 107 ሴንቲ ሜትር ዘንጎች መካከል 91 ሴንቲ ሜትሩ ይስማማል ማለት ነው። ረዘም ያለው ከፍ ተደርጎ ሊታሰር ይችላል፤ አጭሩ ግን መፍትሔ የለውም። በዚህ አቀማመጥ ሞተሩ ለመሥራት ቢያንስ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር የውኃ ጥልቀት ይፈልጋል። ከዚያ በታች በሆነ ቦታ ሞተሩን አንሥቶ በዘንግ እንጨት ወይም በመቅዘፊያ መግባት ይገባል። ውኃው ደፍራሽ በሆነበት፣ ለምሳሌ በዓባያ፣ ታች ስለማይታይ እንጨቱ ለመለኪያም ያገለግላል።

ለመዝናኛ የሚሠሩ ሞተሮች በጀልባው ፊት የሚታሰሩና በእግር የሚነዱ ሊሆኑ ይችላሉ። መረብ የሚሳበው በጀልባው ፊት ወይም ጎን ስለሆነ ለእኛ አስጋሪዎች የሚመቸው ከኋላ ታስሮ በእጅ የሚነዳው ነው። ቦታ ጠብቆ የሚያቆም በሳተላይት የሚመራ መሣሪያ የተገጠመላቸውም አሉ፤ መልሕቅ ላለው አስጋሪ ተጨማሪ ወጪ ብቻ ነው።

እምቦጭና ሌሎች የውኃ ተክሎች ባሉበት አካባቢ ሣር እንዳይዝ ተብሎ ምላጩ ወደ ኋላ የተቀለበሰ ፕሮፔለር መምረጥ ይገባል። ይህም ቢሆን ጥቅጥቅ ባለ የእምቦጭ ምንጣፍ ውስጥ የሚያልፍ ሞተር የለም፤ ዙሮ ማለፍ ነው። ፕሮፔለሩ መረብ ከጠመጠመ ሞተሩ ወዲያውኑ መጥፋት አለበት። የባትሪው ገመድ ሳይነቀል እጅ ወደ ፕሮፔለሩ መስደድ የተከለከለ ነው። ሲጋጭ እንዲሰበር ታስቦ የተሠራው ትንሽ የፕሮፔለር ፒን፣ ብሎኑና መፍቻው ሁልጊዜ ጀልባው ላይ መገኘት አለባቸው። እንደ ላንጋኖ የማዕድን ጨው ይዘቱ ከፍ ባለ ሐይቅ ላይ የሚሠራ ሞተር በየቀኑ በንጹሕ ውኃ ሊታጠብ ይገባል።

ገመድና ቻርጅ

50 አምፔር ቀላል ኃይል አይደለም። ቀጭን ገመድ ይግላል፣ ኃይል ያባክናል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ባትሪው ከሞተሩ እስከ 3 ሜትር ከራቀ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ገመድ መጠቀም ይመከራል። አምራቹ በመመሪያው ላይ ባስቀመጠው ልክ የሆነ ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ መታሰር ይኖርበታል። ባትሪዎቹ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ፣ እንዳይንሸራተቱ ታስረው ይቀመጡ። አሮጌና አዲስ ባትሪ፣ ወይም የእርሳስና የሊቲየም ባትሪ በአንድነት ማያያዝ አይገባም። ሊቲየም ባትሪ ለራሱ በተሠራ ቻርጀር ብቻ ይሞላል።

የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ በሚተኙበት ክፍል ወይም ምድጃ አጠገብ አይሞላ። መብራት በሌለበት መንደር ባለ 200 ዋት የፀሐይ ፓነል ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን ከ700 እስከ 800 ዋት-ሰዓት ያመነጫል፤ ይህም ከላይ ላሰላነው የ95 አምፔር-ሰዓት ጉዞ (1,140 ዋት-ሰዓት) አይበቃም። በየቀኑ የሚወጣ ጀልባ ቢያንስ 400 ዋት ያስፈልገዋል። ማኅበራት የሁሉንም አባላት ባትሪ በአንድ ቦታ የሚሞላ ጣቢያ ቢያቋቁሙ ወጪያቸው ይቀንሳል።

በውኃው ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ

ድምፅ የሌለው ሞተር አንድ የተለየ አደጋ አለው፤ ጉማሬ የጀልባውን መምጣት ላይሰማ ይችላል። በድንገት የቀረቡት ጉማሬ ደግሞ ያጠቃል። ጉማሬ ወደሚውልበት የደንገል አካባቢ ሲጠጉ መቅዘፊያውን በጀልባው ጎን መታ መታ በማድረግ ድምፅ ማሰማትና በሩቁ ማለፍ ይበጃል። በጫሞና በዓባያ ደግሞ አዞ ስላለ የተጠመጠመ ፕሮፔለር ለማጽዳት ውኃ ውስጥ መግባት ፈጽሞ አይገባም፤ ሞተሩ ወደ ላይ ተነሥቶ ጀልባው ውስጥ ሆኖ ይጸዳል። መቅዘፊያ፣ መልሕቅና ለእያንዳንዱ ሰው ሕይወት አድን ጃኬት በሞተር ምክንያት ከጀልባ የሚቀሩ ዕቃዎች አይደሉም።

ጸጥተኛ ሞተር ቀድሞ ወደማይደረስበት የደንገል ውስጥ ያደርሳል፤ እዚያ ደግሞ ቆሮሶ ይራባል። በጣና ሐይቅ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይለን መረብ ከገቡ በኋላ፣ ለመራባት ወደ ወንዝ አፍ የሚሰበሰቡት የባርበስ ዝርያዎች ቁጥር በእጅጉ መመናመኑ ይታወቃል። ስለዚህ በሐይቁ ላይ የተከለሉ የመራቢያ ቦታዎችንና ማስገር የሚከለከልባቸውን ወራት ከግዥው በፊት በአካባቢዎ ከሚገኘው የግብርና ጽሕፈት ቤት የዓሣ ሀብት ባለሙያ መጠየቅ ይገባል። ለገበያ ዓሣ ማስገር በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ሞተር መግጠም ይህን ግዴታ አያስቀርም።

ግዥው ሲፈጸም ሻጩ በደረሰኙ ላይ የሞተሩን ቮልት፣ የመግፋት አቅሙን በፓውንድና የዘንጉን ርዝመት፣ እንዲሁም የባትሪውን ዓይነትና አምፔር-ሰዓት እንዲጽፍ ይጠይቁ። የዋስትና ጊዜውም ለሞተሩና ለባትሪው ተለይቶ ይጻፍ። ያረጀ የእርሳስ ባትሪ ሐይቅ ዳር አይጣልም፤ አሲዱም ሳይደፋ ለሚሰበስቡ ነጋዴዎች ይመለሳል።